ሦስት ካርድ፣ አንድ ቀጠሮ

እማዬ ስኳር፣ ደም ግፊትና አስም አለባት። እስከ አምና ለሦስቱም በየራሱ ቀን ነበር የማመላልሳት። ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ ሰፈር ደርሶ መልስ ባጃጅ፣ የእኔ ከሥራ መቅረት፣ በዚያ ሙቀት ወረፋ። አሁን የምንሄድበት ክሊኒክ ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ ያያል።

መጀመሪያ ቀን ነርሷ የመድኃኒቱን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ፓኮ አምሎዲፒን፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ወጣ! ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አዘውላት ኖሯል። መድኃኒቱ ሲበዛ እግር ያሳብጣል። ሐኪሙ አንዱን አስቀረው፤ የእማዬ እግር እብጠት ጎደለ፤ ጫማዋም ገባላት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጤና ኢኮኖሚ ሞዴል፣ ማለትም የሕክምናን ወጪና ጥቅም የሚያሰላ ስሌት፣ የክሊኒኩን ወጪ ብቻ ከቆጠረ ይህ አሠራር ውድ ሊመስል ይችላል፤ ምክክሩ ረጅም ነዋ። የባጃጁንና የአስታማሚውን ቀን ሲጨምር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

ቅር ያለኝ፣ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ምርመራ እዚያው የለም። ውጭ ነው የምናሠራው።