ጂኦጀብራ፦ ሁለት እኩል ጎኖች ያሉትን ጎነ ሶስት ስፋት ለማስጠናት

ጂኦጀብራ፣ ኦስትሪያዊው ማርከስ ሆኸንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ጥናቱ የጀመረው፣ ዛሬ በስልክም በኮምፒውተርም በነጻ የሚገኝ የሒሳብ መተግበሪያ ነው። እኔ የተጠቀምኩበት ልጄን ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሶስት ስፋት ሳስጠናት በመሆኑ፣ አስተያየቴም በዚሁ ላይ ይወሰናል።

ልጄ መሠረቱ በቁመቱ ተባዝቶ ለሁለት እንደሚካፈል በቃሏ ታውቃለች፤ ሆኖም እኩል ጎኖቹ 5፣ መሠረቱ ደግሞ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎነ ሶስት ሲሰጣት፣ ያዘመመውን ጎን እንደ ቁመት ቆጥራ 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚል መልስ ትሰጥ ነበር። በመተግበሪያው ላይ ርዝመቱ 6 የሆነ መስመር አስምረን፣ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ራዲየሳቸው 5 የሆኑ ክቦች ስለን፣ ክቦቹ የሚቋረጡበትን ነጥብ ከጫፎቹ ጋር አገናኘነው። ከነጥቡ ወደ መሠረቱ ቀጤ መስመር ስናወርድ መሠረቱ 3 እና 3 ሆኖ ተከፈለ። ያን ጊዜ በፓይታጎረስ ደንብ፣ 5 በ5 ተባዝቶ ከሚገኘው 25 ላይ 3 በ3 ተባዝቶ የሚገኘውን 9 ቀንሳ፣ የ16ን ዳግም ዘር ወስዳ፣ ቁመቱ 4፣ ስፋቱም 12 መሆኑን ራሷ ደረሰችበት።

ከሁሉ የወደድኩት መሠረቱን በማንሸራተቻ ማስረዘም መቻሉን ነው። እኩል ጎኖቹ 5 እንደሆኑ መሠረቱ ከ6 ሲያድግ ስፋቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ መሠረቱ 7.07 ገደማ ሲደርስ፣ ማለትም በእኩል ጎኖቹ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ሲሆን፣ ስፋቱ ከፍተኛው 12.5 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ መሠረቱ 8 ሲሆን እንደገና 12 ይሆናል። መሠረት በረዘመ ቁጥር ስፋትም ይሰፋል ብላ የገመተችው ልጄ ማንሸራተቻውን ደጋግማ ጎተተችው። ምክንያቱን ያየነው ግን በወረቀት ነው፦ የመጀመሪያውን ጎነ ሶስት በቁመቱ ቆርጠን፣ የሁለቱን ግማሾች ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ጎኖች ስናገጣጥም፣ መሠረቱ 8 የሆነው ጎነ ሶስት እጃችን ላይ ወጣ።

መተግበሪያው ስፋቱን በአንድ ንክኪ ስለሚናገር፣ ልጁ በወረቀት አስልቶ ሳይጨርስ ይህን መሣሪያ እንዳይከፍት ወላጅ ቢከታተል መልካም ነው። ውጤቱንም አጠጋግቶ ያሳያል፤ ለምሳሌ ሦስቱም ጎኖች 5 ሲሆኑ የሚጽፈው 10.83 ነው፤ ትክክለኛው መልስ ግን የ3 ዳግም ዘር በ25 ተባዝቶ ለ4 ሲካፈል የሚገኘው በመሆኑ፣ ደብተር ላይ መጻፍ ያለበት ይኸኛው ነው።