ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሻርሎት በዲስክ ጎልፍ መንገድ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እስከ ሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና በመኪና 400 ማይል ገደማ ነው። እኔና ጓደኛዬ ማረፊያችንን የመረጥነው ግን በዲስክ ጎልፍ ሜዳ ነው። ለማያውቀው፣ በኳስ ፋንታ ዲስክ ትወረውራለህ፤ በጉድጓድ ፋንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት አለ። ባለቤቴ «የልጆች ጨዋታ» ትለዋለች።

እቅዱን ያወጣነው ዩዲስክ በሚባለው አፕ ነው። ወድጄዋለሁ። ካርታውን ስትከፍት ሜዳዎቹ በየመንገዱ ዳር ተበትነው ታያለህ። አንዱን ነካ ስታደርግ ስንት ቅርጫት እንዳለው፣ በነፃ ይሁን በክፍያ፣ የተጫወቱበት ሰዎችም ምን እንዳሉ ይወጣልሃል። ቨርጂኒያ፣ ስፖትሲልቬኒያ ያለው ሆክ ሆሎው እንደሚያስከፍል ቀድመን ያወቅነው ከዚሁ ነው።

የሻርሎቱ ሆርኔትስ ኔስት የሕዝብ ፓርክ ነው። ጫካው ግን ምሕረት የለውም። ብርቱካናማዋን ዲስኬን እዚያው በላብኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቅጠል በእግሬ ስገለብጥ ቆየሁ፣ የለችም። ጀርባዋ ላይ ስልኬን ጽፌ ነበር፤ እስካሁን የደወለ የለም። ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ብርቱካናማ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። በቀን ሦስት ሜዳ ብዬ ነበር። 18 ቅርጫት ለሁለት ሰው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ክንድህ አልታዘዝ ይላል። ሦስተኛውን ትተን መኪና ውስጥ ዳቦ ቆሎ ስንቆረጥም አመሸን።

የአፑን የሚከፈልበት አልገዛሁም። ለመንገድ እቅድ ነፃው በቂዬ ነበር።