ጀርመን ያለ ርካሽ ቪፒኤስ ከጅማ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

በወር 5 ዶላር የምንከፍልበት ቪፒኤስ (ከሌሎች ደንበኞች ጋር ተጋርተን የምንከራየው፣ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር) ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው። መጀመሪያ ላይ ከጅማ ወደ ሰርቨሩ ፋይል መጫን (አፕሎድ ማድረግ) በጣም ያስመርር ነበር፤ ዛሬ ግን ሌሊት ሌሊት ማንም ሳይነካው ሥራውን ይጨርሳል። እዚህ ለመድረስ ሰርቨሩን አልቀየርንም፣ የቤታችንንም ፓኬጅ አላሳደግንም። ኢንተርኔታቸው ፈጣን ሆኖ ሳለ ውጭ አገር ያለው ሰርቨራቸው ላይ ሲደርስ የሚንፏቀቅባቸው ብዙ ሰዎች ስለማውቅ፣ ችግሩ የት የት ተደብቆ እንደነበር በዝርዝር ልጻፍ።

ታላቅ እህቴ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ በሚባለው ገበያ ፎቶ ቤት አላት፤ ኤዲቱ የሚሠራው ግን ቤታችን፣ ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። የሰርግ ወቅት ሲመጣ፣ ጥርም ይሁን ከኢድ በኋላ፣ ሙሽሮቹ ጅማ ቢሆኑም ቪዲዮውን በጉጉት የሚጠብቀው ዘመድ ጅዳ፣ ዱባይና ፍራንክፈርት ነው። ድሮ በፍላሽ ጭነን በመንገደኛ እንልክ ነበር። አሁን ሰርቨሩ ላይ ይጫናል፣ ሊንኩ በቴሌግራም ይሄዳል፣ እዚያ ያሉት በራሳቸው ፍጥነት ያወርዱታል። ከእነሱ በኩል እስካሁን አንድም ቅሬታ ሰምተን አናውቅም። ቅሬታው ሁልጊዜ ከእኛው ጓሮ ነበር።

ሰርቨሩ አንድ የፕሮሰሰር ኮር፣ 1 ጊጋባይት ራም እና 500 ጊጋባይት ዘገምተኛ ሃርድ ዲስክ አለው። ሊኑክስ ነው የጫንንበት። ለፋይል ማስቀመጫና ለቀላል ዌብሳይት ከበቂ በላይ ነው።

የቤታችን ውል 10 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ይህ ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፤ ሜጋቢትና ሜጋባይትን ሳይለዩ አቅራቢያቸውን የሚወቅሱ ስላሉ ነው ይህን የማነሳው። የአንድ ሰርግ ሙሉ ቪዲዮና ፎቶ 20 ጊጋባይት ይደርሳል። መስመሩ ሙሉ አቅሙን ቢሰጠን አራት ሰዓት ተኩል ገደማ በቂ ነበር። እኛ ግን የምናገኘው ከ1 ሜጋቢት በታች ስለነበር ሁለት ቀን ይፈጅብን ነበር። እህቴ «ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ደህናውን ግዛና እንገላገል» ትለኝ ነበር። የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ስንከፍት ደግሞ 9 እና 10 ሜጋቢት ያሳየናል፤ ስለዚህ ጣቷን ወደ ሰርቨሩ መቀሰሯ አይፈረድባትም።

ያ መለኪያ የሚለካው በአብዛኛው አዲስ አበባ እስካለው የቅርብ ሰርቨር ድረስ ያለውን መንገድ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙ ግንኙነት በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ጀርመን ድረስ በአንድ ግንኙነት ስለሚሄድ ፋይል ምንም አይነግራችሁም። ትክክለኛው መለኪያ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ያለውን ፍጥነት የሚለካው አይፐርፍ3 የሚባል ፕሮግራም ነው። ሰርቨሩ ላይና ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ሰርቨሩ ላይ ፖርት (የመግቢያ በር) 5201 ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ ወደዚያም ወደዚህም፣ በአንድ ግንኙነትም በስምንትም ትለካላችሁ። እኛ ጋ በአንድ ግንኙነት 1 ሜጋቢት የማይሞላው፣ በስምንት ሲሆን ዋይፋዩ ደህና በሆነበት ሰዓት እስከ 6 ይወጣ ነበር። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ሰርቨሩ ወይም መስመሩ ጠባብ ቢሆን ኖሮ ስምንቱም ተደምረው ያንኑ 1 ሜጋቢት ይካፈሉት ነበር።

መጀመሪያ የነካነው ቤቱን ነው። ራውተሩ የቆመው መስመሩ ከሚገባበት ከፊት ለፊት ሳሎን ውስጥ ነው፤ የኤዲት ክፍሏ ጓሮ ናት፣ ጣሪያዋም አንድ ግድግዳዋም ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የሬዲዮ ሞገድን መልሶ ያንጸባርቃል እንጂ አያሳልፍም። የዋይፋይ ምልክቱ ሁለት መስመር እያሳየ፣ ወደ ራሳችን ራውተር የሚላከው ፒንግ (ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ የሚለካበት ትንሽ መልእክት) አንዴ 3 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ 200 ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ጭራሽ አይመለስም። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ቻናሉን ከ6 ወደ 11 ማዛወር ትንሽ ረድቷል፤ በዚህ ባንድ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ የሰፈሩ ራውተር ሁሉ ደግሞ 6 ላይ ነበር። ዘላቂው መፍትሔ ግን የኔትወርክ ኬብል ሆነ። አንድ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ የእኛ ግቢ የዚያን ግማሽ እንኳ አይደርስም። የጅማ ዝናብ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ ቱቦ ከትተን በጣሪያው ክፈፍ ሥር አሳለፍነው። ነጎድጓድ ሲበረታ ከሁለቱም በኩል እንነቅለዋለን።

በኬብል ራውተራችን ጋ ያለው ፒንግ 1 ሚሊሰከንድ ላይ ረጋ። ጀርመን የሚደርሰው ጭነት ግን በአንድ ግንኙነት 1.2 ሜጋቢት ላይ ቆመ፤ በስምንት ከ8 በላይ ይወጣል። አሁን መዋዠቅ የለም፣ ዝግታው ግን አለ። ዋናው ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው።

ከጅማ እስከ ጀርመኗ ፍራንክፈርት ቀጥታ መስመር ቢዘረጋ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ገመዱ ግን ቀጥታ አይሄድም። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት መጀመሪያ ጎረቤት አገር ይሻገራል፣ በጅቡቲ በኩል ከሆነ ቀይ ባሕርን ይዞ ወደ አውሮፓ ይወጣል። የእኛ ፒንግ በደህና ቀን 160 ሚሊሰከንድ ነው። ያ መንገድ ምን ያህል ስስ እንደሆነ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ታይቷል፤ ኤኤኢ-1 የሚባለውን ጨምሮ ቀይ ባሕር ውስጥ ያሉ የባሕር ሥር ገመዶች ተቆርጠው የአካባቢው ትራፊክ በሌላ መንገድ መዞር ነበረበት። ስለዚህ ፒንጋችሁ አንድ ቀን በድንገት ከ160 ወደ 250 ቢዘል ሰርቨሩን ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ መንገዱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ርቀቱ ብቻውን ፍጥነት አይገድልም። የሚገድለው ከጠፋ ፓኬት (ፋይሉ ተቆራርጦ ከሚላክባቸው ቁርጥራጮች አንዱ) ጋር ሲጣመር ነው። ፓኬቶቹን የሚያደርሰው የኢንተርኔት ደንብ፣ የተለመደው ቲሲፒ፣ ፓኬት በጠፋ ቁጥር መንገዱ የተጨናነቀ ይመስለውና ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ በየደርሶ መልሱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ደርሶ መልሱ 20 ሚሊሰከንድ ከሆነ ቶሎ ያገግማል፤ 160 ሲሆን ሳያገግም ሌላ ፓኬት ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ማቲስና ባልደረቦቹ ያወጡት ቀመር ይህን በቁጥር ያስቀምጠዋል። በ160 ሚሊሰከንድ ላይ ከ100 ፓኬት አንዱ ከጠፋ አንድ ግንኙነት 1 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም፤ ከ1,000 አንዱ ከጠፋ 3 ሜጋቢት ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ባሉት ራውተሮች የሚጠፋውን ፓኬት የሚቆጥረውን ኤምቲአር የሚባል መሣሪያ ረዘም ላለ ጊዜ አስኪጄ ያየሁት የፓኬት ኪሳራ ከ200 አንድ ገደማ ነበር። በቀመሩ ሲሰላ 1.2 ሜጋቢት ይመጣል፤ እኛ ስናገኘው የነበረው ያው ነው። የሰርቨሩ ርካሽነት እዚህ ሒሳብ ውስጥ የትም አይገባም።

ኤምቲአርን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። መሀል ላይ ያለ አንድ ራውተር 40 በመቶ ኪሳራ አሳይቶ ቀጣዮቹ ዜሮ ቢሆኑ ችግር አይደለም፤ ብዙ ራውተሮች ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ መስጠትን ሆን ብለው ይገድባሉ። እውነተኛ ኪሳራ ከጀመረበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሰርቨር ድረስ ይቀጥላል። ይህን ሳያዩ አቅራቢ ጋ ደውሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

መድኃኒቱ ቢቢአር ሆነ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የቲሲፒ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ነው፤ ሊኑክስ ውስጥ ከከርነል 4.9 ጀምሮ አለ። የሊኑክስ መደበኛ ምርጫ የሆነው ኪዩቢክ በጠፋ ፓኬት ይመራል፤ ቢቢአር ግን መንገዱ በእርግጥ የሚያሳልፈውን መጠንና ዝቅተኛውን ደርሶ መልስ እየለካ በዚያ ይሄዳል። ሲስተሙ ውስጥ ሁለት መስመር ጽፎ ማብራት ይቻላል፣ ክፍያም የለውም።

ነገር ግን ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ቁም ነገር አለ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ላኪው ወገን ነው። ቪፒኤሱ ላይ ቢቢአር ብታበሩ ከሰርቨሩ የምታወርዱት ይፈጥናል፣ ጅማ ያሉት ደንበኞቻችን የሚያወርዱትም ይፈጥናል። ከቤት ወደ ሰርቨሩ የምትጭኑት ግን ንቅንቅ አይልም፣ ምክንያቱም እዚያ ላኪው የቤታችሁ ኮምፒውተር ነው። የእህቴ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው፤ እሱን መነካካት አልፈለግንም። ይልቅ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ አሮጌ ላፕቶፕ አውጥተን ሊኑክስ ጫንንበትና ቢቢአር አበራንበት። እሷ ያለቀለትን ሥራ በኬብሉ ወደ ላፕቶፑ ትገለብጣለች፣ ላፕቶፑ ወደ ጀርመን ይልካል። በዚያው መስመር፣ በዚያው ፓኬጅ፣ አንድ ግንኙነት ከ1.2 ወደ 8 ሜጋቢት ወጣ። ያን ቁጥር ሳይ ከልቤ ነው የተደሰትኩት። እህቴም ከዚያ ወዲህ «ሌላ ግዛ» ብላ አታውቅም።

ላፕቶፑ ሌላም ጥቅም አመጣ። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዘዋል፤ ራውተሩንም ከትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ጋር ስላገናኘነው አጭር መቋረጥ ጭነቱን አይነካውም። ረጅም ከሆነም ፋይሉን የሚልከው ፕሮግራም፣ አርሲንክ፣ በከፊል የሄደውን ፋይል እንዳይጥለው ስለታዘዘ ከተቆረጠበት ይቀጥላል። ቀድሞ በኤስኤፍቲፒ (ሌላው ፋይል መላኪያ ዘዴ) ፕሮግራም ስንጭን 4 ጊጋባይት ቪዲዮ መጨረሻው ላይ ተቋርጦ ከዜሮ ይጀምር ነበር። ለትናንሽ ፋይሎችም ልዩነቱ ትልቅ ነው። ኤስኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ፋይል ለመክፈት፣ ለመጻፍና ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ አራት ጊዜ ቢመላለስ በ160 ሚሊሰከንድ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ነው። የ1,000 ትናንሽ ፎቶዎች አልበም እንግዲህ አሥር ደቂቃ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። አርሲንክ መልስ ሳይጠብቅ እያከታተለ ስለሚልክ ይህ ጣጣ የለበትም።

ፍጥነቱ ሲመጣ አዲስ ችግር ይዞ መጣ፤ ጭነቱ መስመሩን ሞልቶ የእናታችንን የዋትስአፕ ጥሪ ይቆራርጥ ጀመር። ጭነት እየሄደ ፒንጉን ስለካው ከ160 አልፎ ከ1,000 ሚሊሰከንድ በላይ ይደርሳል፤ ራውተሩ ፓኬቶቹን በረጅም ሰልፍ ስለሚያስጠብቃቸው ነው። ቀን ላይ አርሲንክን በሰከንድ 600 ኪሎባይት ገደብነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ይለቀቃል። ለነገሩ ሌሊት መንገዱም ይሻላል፤ ከምሽቱ 2 እስከ 5 ሰዓት የፓኬት ኪሳራው ከፍ የሚልበት ጊዜ ነው።

ገጾች ተከፍተው ፋይል መሀል ላይ የሚደርቅባችሁ ከሆነና መስመራችሁ በፒፒፒኦኢ (በስምና በይለፍ ቃል በሚከፈት የግንኙነት ዓይነት) የሚገናኝ ከሆነ፣ የፓኬት መጠኑንም ፈትሹ። ትልቁ የሚያልፈው 1,492 ባይት ነው፤ እንዳይከፋፈል የታዘዘ የ1,464 ባይት ፒንግ ካለፈ ደህና ናችሁ። እኛ ጋ ደህና ነበር።

ሰርቨሩ ራሱ እንከን የለሽ አይደለም። ቶፕ የሚባለውን ፕሮግራም ስከፍት አንዳንድ ምሽት የተሰረቀው የፕሮሰሰር ጊዜ 20 በመቶ ይደርሳል፤ አንድ ማሽን ላይ ብዙ ደንበኛ እንደታጨቀ የሚያሳይ ነው። ለፋይል ማስተላለፍ አይታወቅም፣ ቪዲዮ እዚያው ላይ መጠን ለመቀነስ ስሞክር ግን ፈጽሞ አልሆነም። ዲስኩም ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወርድ ይንፏቀቃል። ዳታቤዝ ለሚያስኬድ ሰው አልመክረውም።

ክፍያው ደግሞ በብር ሲታሰብ ሌላ ወሬ ነው። ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 5 ዶላር በባንክ ዋጋ 300 ብር አይሞላም ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ካርድ ስለሌለን ውጭ ያለ ዘመድ ይከፍልልናል። ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ከዓመት ውል በፊት የአንድ ወር ብቻ ክፈሉና፣ ከቤታችሁ ሆናችሁ ምሽት ላይ በአይፐርፍ3 ለኩት። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ከተማ በገመዱ መንገድ ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አቅራቢዎች ሳትገዙ ፒንግ የምታደርጉበት የሙከራ አድራሻ በየከተማው አላቸው። እኛ የዓመቱን ልናድስ ነው፤ ያው 5 ዶላሩን፣ ከፍ ያለውን ሳይሆን።