የግድግዳ የፊደል ገበታ፦ ግዙት፣ ግን ከ«ሀ» አትጀምሩ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ካላችሁ ግዙት። ርካሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ትልቋ ልጅ ስትጨርስበት ለታናሿ ይተርፋል። ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። የቀረችው አንድ ኮከብ ግን ቀላል አይደለችም፣ አብዛኛውን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

የማወራው ሁላችንም ስለምናውቀው ትልቅ ወረቀት ነው። ፕላስቲክ የለበሰ፣ ተጠቅልሎ የሚሸጥ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ብሎ የሚጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ አታጡትም፤ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግተው የሚሸጡትም ይይዙታል። እኔ ትንሽ ተከራክሬ ከ200 ብር በታች ነው የወሰድኩት። አሳታሚው ብዙ ነው፣ እርስ በርስም ይገለባበጣሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ስም ጠርቼ አላመሰግንም፣ አልወቅስምም። የምታዩት ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው።

ጥንካሬው ጥሩ ነው። ልጄ በማርከር ስትሞነጫጭርበት በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ጠርዙ ላይ ፕላስቲኩ መላቀቅ ጀምሯል፣ በፕላስተር ይዤዋለሁ። ማታ መብራት ሲበራ ያብለጨልጫል፤ ከመስኮት ወይም ከአምፖል ፊት ለፊት ከሰቀላችሁት ግማሹ አይታይም። ፊደሎቹ ትልልቅና ጥርት ያሉ ናቸው። ለልጅ ዓይን ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በእኛ ፊደል አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት ቡን ከቢ የምትለየው።

ሥዕሎቹ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። በ ላይ በሬ፣ ፈ ላይ ፈረስ፣ ጨ ላይ ጨረቃ፣ ጀ ላይ ጀበና፣ ሸ ላይ ሸረሪት። እነዚህ ልክ ናቸው፣ ልጅ ያያል፣ ስሙን ይጠራል፣ የመጀመሪያው ድምፅ ፊደሉን ያስታውሰዋል። ወደ ታች ስትወርዱ ግን ፐ ላይ ፓፓያ፣ ቨ ላይ ቫዮሊን ተቀምጧል። ፓፓያ በፓ ነው የሚጀምር እንጂ በፐ አይደለም። ኘ ላይ ደግሞ የተሰበሰቡ ሰዎች ሥለው «እኛ» ብለውታል። በኘ የሚጀምር ቃል ማግኘት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ታዲያ ሥዕሉን መተው ይቻል ነበር። ልጅ የምታሳዩትን ነው የሚያምነው። ሥዕሉ አንድ ነገር፣ ፊደሉ ሌላ ነገር ካለው ገበታውን ማመን ያቆምና የእናንተን ፊት እያየ መገመት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ገበታው 33 ረድፍ በ7 አምድ ነው፣ 231 ፊደል። ቨ ከተጨመረበት 238። እንደ ቋ እና ሏ ያሉት ከሥር ለብቻቸው ይደረደራሉ፣ አንዳንዱ ላይ የግእዝ ቁጥርም አለ። ይህን ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ በአንድ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉለት መጀመሪያ የሚማረው ዜማውን ነው። ሀ ሁ ሂ ሃ ይላል፣ ለ ሉ ሊ ላ ይላል፣ እንግዳ ሲመጣ ይወርድላችኋል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ መሐል ላይ ጣታችሁን «ቴ» ላይ አሳርፉና ይህ ምንድነው በሉት። ከተ ጀምሮ ተ ቱ ቲ ታ እያለ ካልደረሰበት አያውቀውም። ቦታውን ነው የሚያውቀው፣ ፊደሉን አይደለም።

ይሄ አዲስ ችግር እንዳይመስላችሁ። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ያውቁት ነበር። ለዚህ ነው ልጁ ሀ ሁን ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳ የሚገባው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አስተውሉት። አንደኛው ግእዝ፣ ሁለተኛው ካዕብ፣ ሦስተኛው ሣልስ፣ አራተኛው ራብዕ፣ አምስተኛው ኃምስ፣ ስድስተኛው ሳድስ፣ ሰባተኛው ሳብዕ እያለ በየረድፉ እየዘለለ ይሄዳል። የለመደው ዜማ ስለማይረዳው ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ መለየት አለበት። ከዚያ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ እያለ እያለ ወደ ዳዊት የሚያልፈው። እኛ ግን ገበታውን ከእነሱ ወርሰን አቡጊዳውን ጣልነው። አሁን በየሱቁ የሚሸጠው አብዛኛው ገበታ ላይ አቡጊዳ የለም። የኔም የለውም። አሳታሚዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ጀርባው ባዶ ነው፣ እባካችሁ እዚያ ላይ አትሙት።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 አገራችን ውስጥ የንባብ ምዘና ሲደረግ፣ 2ኛ ክፍል ደርሰው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ የመምህር፣ የመጽሐፍ፣ የክፍል መጣበብ ጉዳይ አለ። ግን ሀ ሁን እንደ መዝሙር አውቆ ቃል ሲሰጡት የሚቆም ልጅ ሁላችንም ቤት ወይም ጎረቤት ውስጥ አለ።

ታዲያ እንዴት ነው የምንጠቀምበት? እኔ ከልጁ ስም ጀምሩ ነው የምለው። ልጃችሁ ሰላም ከተባለች ሰ፣ ላ፣ ም ገበታው ላይ ታድናቸው። ሦስቱም ከተለያየ ረድፍና ከተለያየ አምድ ናቸው፣ ዜማው አይረዳትም፣ ግን የራሷ ስለሆኑ ትወዳቸዋለች። ቀጥሎ የእናት፣ የአባት፣ የታናሽ ወንድም ስም። ከዚያ የቤት ዕቃና የምግብ ስም። ወረቀት ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ቆርጣችሁ ገበታው ላይ እያንሸራተታችሁ አንድ ፊደል ብቻ እንዲታይ አድርጉ፣ ልጆች እንደ ጨዋታ ነው የሚያዩት።

ቅርጹንም አሳዩአቸው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ቀኝ ጎኑ መሐል ላይ ቅጥያ አለው፣ ሣልስ እግሩ ሥር፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት። ሉ ሊ ሌ፣ ቡ ቢ ቤ፣ ሱ ሲ ሴ። ይህን ያየ ልጅ ያልተማረውን ረድፍ ራሱ ይገምታል። ሳድስና ሳብዕ ግን ሕግ አያከብሩም፣ እነሱን አንድ በአንድ መልመድ ነው። ሌላ የምወደው ነገር ዘመዳሞቹን ጎን ለጎን ማሳየት ነው፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ዘ እና ዠ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። መልካቸውም ድምፃቸውም ይቀራረባል። ገበታው እነዚህን በቀለም ቢያዛምዳቸው እንዴት ጥሩ ነበር! ቀለሙ ግን ዝም ብሎ ለውበት ነው የተረጨው።

ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ለጊዜው ዝለሏቸው። 35 ፊደል ከልጁ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ሊቃውንቱ ቅር እንዳይላቸው፣ ይጥፉ እያልኩ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ከቃላቱ ጋር ይማራቸዋል። የአራት ዓመት ልጅ ግን አንድ ዓይነት ድምፅ ለምን ሦስት መልክ እንዳለው ሊገባው አይችልም፣ መግባትም የለበትም።

ገበታው ጨርሶ የማያስተምረው ሌላ ነገርም አለ። ገበታው ላይ ል፣ ብ፣ ስ ለየብቻ ይጠራሉ፤ ሲገጣጠሙ «ልብስ» ላይ ድምፃቸው ይዋዋጣል። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳድስ የሌለባቸውን ቃላት ስጧቸው፦ ዶሮ፣ ሎሚ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ጫማ፣ ቡና። ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ። ፊደላችን አይጽፈውም። ገና በዓሉ ጠብቆ ይነበባል፣ ገና አልመጣም ስንል ይላላል፣ ጽሑፉ አንድ ነው። ልጄ «ዳቦ»ን መጀመሪያ አላልታ አነበበችው። ትንሽ ቆይታ ራሷ ሳቀችና አጥብቃ ደገመችው። ማን ነገራት? ማንም። ቃሉን ከአፏ ስለምታውቀው ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ በላይ እንዲሰማልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ፊደሉ ግማሹን ይሰጣል፣ ሌላውን ግማሽ ልጁ ከሚያውቀው አማርኛ ነው የሚያመጣው። ብዙ ቃል የሰማ ልጅ ሲሳሳት ራሱን ያርማል። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ልጅ ልክ ቢያነበውም ልክ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ከገበታው በፊትም ከገበታው ጋርም ወሬ ያስፈልጋል። ተረት ተረት፣ የላም በረት። እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ። ታክሲ ውስጥ «በመ የሚጀምር ነገር አሳይኝ» ማለት። ወጥ ሲሠራ ሽንኩርቱን ስንከትፍ፣ ስናቁላላ፣ ስናማስል በስሙ መጥራት። ቃል በጭብጨባ መቆራረጥ፣ ጨ፣ ረ፣ ቃ። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጊዜ ግን ይጠይቃል፣ ጊዜው ደግሞ እንደማይገኝ አውቃለሁ፣ ከሥራ ደክሞ መጥቶ ተረት ማውራት ከባድ ነው፣ ቢሆንም ከመተኛት በፊት ያለችው አጭር ሰዓት ከየትኛውም ዕቃ ትበልጣለች።

ብዙ ሰው «የሚናገረውን ገበታ ብገዛስ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ያንን ስትጫኑት ድምፅ የሚያወጣውን፣ በባትሪ የሚሠራውን ማለታቸው ነው። ዘመድ ቤት አለ፣ ልጄም ተጫውታበታለች። አልመክረውም። ዋጋው ከወረቀቱ ብዙ እጥፍ ነው፣ ድምፁም ይሻክራል። ከሁሉ የከፋው ግን ልጁን ብቻውን ይተወዋል። ቁልፉን በፍጥነት እየነካ ጫጫታውን ይወዳል እንጂ ፊደሉን አያይም። ወረቀቱ ዝም ስለሚል እናንተ መናገር አለባችሁ፣ ጥቅሙም ያ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ትንሽ ልጨምር። ሜሪላንድ ያለች እህቴ ገበታ ላኪልኝ ብላኝ ልኬላታለሁ። ፊደሉን ልጇ ቶሎ ነው የለየው። ቃሉ ግን የለውም፣ መዋያው በእንግሊዝኛ ነው፣ «ቆሎ» ብሎ አንብቦ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚያ ገበታው ብቻውን ብዙ አይራመድም። የጠቀማቸው እናቴ በቴሌግራም የምትልክላቸው የድምፅ መልእክት ነው፤ ተረት ታወራለች፣ ልጁ ደጋግሞ ይሰማል፣ ቀጥሎ እህቴ ከተረቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቃል ጽፋ ፊደሎቹን ገበታው ላይ እንዲፈልግ ታደርገዋለች። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ስትደርሱ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሥዕል ያላቸው አጫጭር የአማርኛ ታሪኮች በነጻ አሉ፣ አውርዶ ማተምም ይቻላል። አገር ቤት ላለነውም ይሠራል፣ የልጆች መጽሐፍ ዋጋ እንደምታውቁት ነው።

ኬጂ የምታስገቡ ወላጆች፣ አንድ ነገር ጠይቁ። ልጄ የነበረችበት ቦታ የቤት ሥራው አንድን ፊደል ገጽ ሙሉ መገልበጥ ነበር፣ አማርኛውም ከእንግሊዝኛው በኋላ በቀረው ጊዜ ነው የሚሰጠው። መምህሯን አልወቅስም፣ ብዙ ልጅ ነው ያላት። ግን ተረት ይነበብላቸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ይነግራችኋል።

ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘርግታችሁ እዩት፣ ተጠቅልሎ አትውሰዱ። የሥዕሎቹን ስም አንድ በአንድ ጥሩ፣ በፊደሉ ካልጀመሩ ሌላ አሳታሚ ያወጣውን ጠይቁ። የጽሑፉ ዓይነት ጌጥ የበዛበት ከሆነ ተዉት። ህ እና ሀ፣ ፀ እና ዐ፣ ሠ እና መ በደንብ ተለይተው መታየታቸውን ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማችሁ አረጋግጡ። ሥዕል አልባው ካለ እሱን ውሰዱ፣ ርካሽም ነው፣ ሥዕሉን ልጃችሁ ራሷ እየሣለች ትለጥፍበታለች። ስትሰቅሉት ደግሞ ከሶፋው በላይ ሳይሆን የልጁ ዓይን በሚደርስበት ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ጣቷ የማይደርስበት ፊደል አይጠቅማትም።