ከሥር መቀየር ወይስ ቀስ በቀስ ማሻሻል?

ተማሪ ዕዳ እንደሌለበት የሚፈረምበትን የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ዲን ቢሮ ሲንከራተት አይቶ የማይበሳጭ የለም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው። ነገ ና ይባላል። መቀየር እንዳለበት ሁሉም ይስማማል፤ ክርክሩ እንዴት በሚለው ላይ ነው።

አንዱ መንገድ ቢፒአር ነው፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ። የማኔጅመንት ምሁሩ ማይክል ሐመር እ.ኤ.አ. በ1990 የጻፈው ነገር ግልጽ ነው፦ የማይጠቅመውን ሥራ በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ ማስወገድ። ዕዳ ያለበት ተማሪ ሲስተሙ ላይ ከታወቀ፣ ዕዳ የሌለበትን ሁሉ ለምን እናዞራለን? ፊርማው ጭራሽ ይቅር!

ሌላው ከጃፓን የመጣው ካይዘን ነው፣ ሥራን ቀስ በቀስ ማሻሻል። ፎርሙን ማሳጠር፣ ሁለቱን ፊርማ አንድ ማድረግ፣ ፋይሉን በቀላሉ በሚገኝበት ቦታ ማስቀመጥ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሐሳቡም ከሠራተኛው ስለሚመጣ ብዙ አያስኮርፍም። ግን በቢሮዎች መካከል ያለውን ግድግዳ ብዙም አይነካም።

እኔ ምዝገባ፣ ክሊራንስና ግዥን ለመሳሰሉት ብዙ ቢሮ ለሚያቋርጡ ሥራዎች ቢፒአርን እመርጣለሁ። በአንድ ቢሮ ለሚያልቅ ጉዳይ ካይዘን ይበቃል። ቢፒአርን የሚገድለው ግን አዲሱ ሲስተም ከተጀመረ በኋላ "ለማንኛውም" ተብሎ የድሮው ወረቀት አብሮ ሲቀጥል ነው፤ ያኔ ሠራተኛው አንዱን መረጃ ሁለቴ ይመዘግባል፣ ተማሪውም እንደ ድሮው ይሰለፋል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚቆምበት ቀን ሥራው ሳይጀመር ይወሰን። ያ ቀን ደግሞ የምዝገባ ሰሞን አይሁን።