አልካላይን ጆግ ወይስ ሌላ ማጣሪያ? ለአዳማ ቤት የሚሆነውን ለመምረጥ

ጎረቤታችን እማማ፣ ልጃቸው ለጨጓራቸው ይሆናል ብላ ከአዲስ አበባ የላከችላቸውን አልካላይን ጆግ (የውሃውን አሲድነት የሚቀንስ የማጣሪያ ጆግ) ከነካርቶኑ ይዘው መጡ። «እስቲ አንብቢልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ። ውስጡ ትንሽ የጠብታ ብልቃጥና ባለቀለም ካርድ ነበረበት። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ደረደርን። በአንዱ የቧንቧ ውሃ፣ በሁለተኛው ጆጉ ያጣራውን፣ በሦስተኛው ደግሞ አክስቴ ከወንጂ በኩል በጀሪካን ያመጣችውን የጉድጓድ ውሃ ቀዳን። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጠብታ ጣል አደረግን። የቧንቧው አረንጓዴ ሆነ፣ የተጣራው ወደ ሰማያዊ ሄደ፤ በካርዱ ሰማያዊ ማለት አልካላይን ነው። የጉድጓዱ ውሃ ግን ምንም ማጣሪያ ሳይነካው ከጆጉ ውሃ እኩል ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። እማማ ሁለቱን ብርጭቆ እያስተያዩ «ታዲያ ምኑን ነው የላከችልኝ?» አሉ።

ይህን ንጽጽር ያስጻፈኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው። እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አዳማ፣ ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ ድረስ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሀል ስለሚያልፍ ብዙ ቦታ ላይ በተፈጥሮው አልካላይን ነው። ከዚያው ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ማዕድን ይዞ ይወጣል፤ ካልሲየሙም አነስተኛ ስለሆነ ፍሎራይዱን አስሮ የሚያስቀረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ነው። በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ ግን በሊትር ከ10 ሚሊግራም ያለፈ ጉድጓድ ተገኝቷል፤ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞችም ጥርሳቸው መበለዝ ብቻ ሳይሆን አጥንታቸው እስከ መጎዳት ደርሷል። የናዝሬት ልጅ በጥርሱ ይለያል ሲባል የሰማ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ስለዚህ እዚህ ከተማ ማጣሪያ የሚገዛ ሰው ውሃው ምን ያህል አልካላይን እንደሚሆን ከመጠየቁ በፊት የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣ ይወቅ። የከተማው ቧንቧ ዋና ምንጭ ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ተጠልፎ የሚጣራው ውሃ ነው። የእሱ ችግር ክረምት ላይ ድፍርስነት፣ የክሎሪን ሽታ፣ ሲቋረጥ ደግሞ ሮቶና ጀሪካን ውስጥ መቆየቱ ነው። የግቢ ወይም የገጠር ጉድጓድ ከሆነ ጥያቄው ፍሎራይድ ነው።

አልካላይን ጆግና ተራው የከሰል ጆግ

ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ላይኛው ክፍል ውሃ ትሞላላችሁ፣ በፊልተሩ በኩል በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ መብራትም ግፊትም አይፈልግም። ልዩነቱ ፊልተሩ ውስጥ ነው። ተራው ጆግ ብዙውን ጊዜ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ልዩ ከሰልና ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን እንክብሎች ይዟል። ከሰሉ ክሎሪንና ሽታ ይወስዳል፤ ሬዚኑ ውሃውን ያለሰልሳል፣ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ይቀንሳል። እንደ ብሪታ ያሉት ጆጎች ሬዚን እንዲያውም የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፤ 7 መሀል፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ በላይ አልካላይን) በትንሹ ዝቅ ያደርጋል። አልካላይኑ ጆግ በዚያ ላይ የማግኒዥየምና የካልሲየም ድንጋዮች ይጨመሩበትና ፒኤቹን ወደ 8.5 ወይም 9.5 ያወጣዋል። የሚጨመረው ይኸው ነው።

ፒኤች ከ7 ወደ 9 ሲወጣ በኬሚስትሪው 100 እጥፍ ለውጥ ነው፤ ካርቶኖቹ ይህን በትልቁ ይጽፉታል። ግን ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ከ1.5 እስከ 3.5 ያለ ኃይለኛ ነገር ስለሆነ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብዙ አያንቀሳቅሰውም። የደማችንን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ክልል የሚጠብቁት ደግሞ ሳንባና ኩላሊት ናቸው፣ ጆግ አይደለም። ኩላሊቱን የሚታመም ሰው ማዕድን የሚጨምር ፊልተር ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የእማማም ጨጓራ ሐኪም ጋ መሄድ ያለበት ጉዳይ እንደሆነ ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ጣዕሙ ግን እውነት ነው። ማዕድን ሲጨመርበት ውሃው አፍ ላይ ለስለስ ይላል። ለዚያ ብቻ መግዛት ምንም ነውር የለውም፤ ለፍሎራይድ ብሎ መግዛት ነው የሚያሳዝነኝ። ተራ ከሰልም ሆነ የአልካላይን ድንጋይ ፍሎራይድን ይህ ነው በሚባል መጠን አያስቀርም። ፍሎራይድ እቀንሳለሁ የሚሉ ጆጎች አሉ፤ አሉሚና የሚባል ነገር ወይም የተለየ ሬዚን ይጠቀማሉ። አሉሚና የሚበረታው ውሃው ትንሽ ወደ አሲድ ሲያደላ ነው፤ ፒኤቹ 8 እና ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ቶሎ ይደክማል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ብዛት በእኛ ጉድጓድ ውሃ አይሠራም ማለት ነው። ኤንኤስኤፍ (የማጣሪያ ደረጃ የሚያወጣ የአሜሪካ ድርጅት) 42 የሚል ምልክት ስለ ጣዕምና ክሎሪን ነው። 53 የሚለው ስለ ጤና ነው፤ እሱም ቢሆን ፍሎራይድ በስሙ ተጠርቶ ካልተዘረዘረ ለፍሎራይድ ዋስትና አይደለም።

የሴራሚክ ማጣሪያ

ሁለት ባልዲ ተደራርቦ መሀሉ ላይ የሴራሚክ ሻማ (ሻማ የሚመስል የሸክላ ፊልተር) ያለው ማጣሪያ ለጀርም ከእነዚህ ጆጎች ይሻላል። ቀዳዳዎቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ባክቴሪያና አሜባ ይይዛሉ። ለቫይረስ ግን አይተማመኑበትም፤ ፍሎራይድም ያልፋል። ክረምት ላይ ሻማው ሲደፈን በለስላሳ ብሩሽ ይታጠባል፤ የጆግ ፊልተር ሲደፈን ግን መጣል ነው። ቧንቧው ለሚደፈርስበት፣ ልጆች ላሉበት ቤት እኔ ከአልካላይን ጆግ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

አርኦ

አርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ) ውሃውን በግፊት በጣም ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው። ፍሎራይድን በእርግጥ የሚቀንስ፣ ቤት ውስጥም ሊተከል የሚችል ነው። አብዛኛውን ፍሎራይድ ከሌላው ጨው ጋር አብሮ ያስቀራል። ጣጣውም ብዙ ነው። ወደ 3 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል፤ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ብቻ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ አይበቃውም፣ ፓምፕ ይጨመራል፣ ፓምፑ ደግሞ መብራት ይጠብቃል። አንድ ሊትር ለመስጠት ከዚያ በላይ ውሃ ይደፋል፤ የሚደፋውን በባልዲ ተቀብሎ ለወለል ማጽጃ መጠቀም ይቻላል። የአልካላይን ድንጋይ ትርጉም የሚሰጠው እንግዲህ እዚህ ነው፤ ከአርኦ የሚወጣ ውሃ ማዕድኑን አጥቶ ወደ አሲድ ስለሚያደላ መጨረሻ ላይ ማዕድን መመለሱ ጣዕሙን ያስተካክለዋል።

ማፍላት ፍሎራይድን አይቀንስም። ውሃው ሲተን እንዲያውም የቀረው ትንሽ ይወፍራል። ፍሎራይድ የበዛበት ጉድጓድ ያላችሁ፣ በተለይ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ካለ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና እየተሠራ ነውና ማንኛውንም ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ። የምርመራው ወረቀት ላይ «ፍሎራይድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ።

ሒሳቡ

አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 10 ሊትር ይጠጣል እንበል። 150 ሊትር የሚያጣራ ፊልተር 15 ቀን ይቆያል፤ ካርቶኑ «ሁለት ወር» ሲል አንድ ወይም ሁለት ሰው አስቦ ነው። ፊልተሩ 1,500 ብር ቢሆን አንዱ ሊትር 10 ብር መጣ። ጆጉ 3.5 ሊትር ነው ሲባልም የላይኛውን ክፍል ጨምሮ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የምታገኙት የተጣራ ውሃ ግማሽ ያህሉን ነው።

ከሰል ክሎሪን ስለሚወስድ የተጣራ ውሃ ጥበቃ የለውም። በአዳማ ሙቀት ጆጉን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን አታቆዩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ ጆጉም በየሳምንቱ ይታጠብ። ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አጣሩ። ቀድማችሁ አጣርታችሁ ኋላ ብትጨምሩ የክሎሪኑ ሽታ ውሃው ውስጥ ይቆያል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ግን ጀርሙም ይሞታል፣ ሽታውም ይጠፋል። አዲስ ፊልተር መጀመሪያ ጥቁር ዱቄት ቢያወጣ አትደንግጡ፤ የከሰል ብናኝ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጣርታችሁ ድፉት።

ሱቅ ስትሄዱ ሻጩ ብርጭቆ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዘንግ ከትቶ ውሃችሁን ቡናማ ጭቃ ቢያደርገው አትሸበሩ። ጭቃው የሚመጣው ማዕድን ያለው ውሃ ውስጥ የብረቱ ዘንግ ራሱ ሲበላ ነው፤ ማዕድን ባለው የታሸገ ውሃም ቢያደርገው ያው ነው። ቲዲኤስ የሚለካው እስክሪብቶም የሟሟውን ጨው በጅምላ ይቆጥራል እንጂ ጀርም አያይም፣ ፍሎራይድንም ለይቶ አይነግርም። አልካላይን ጆግ ማዕድን ስለሚጨምር በዚያ እስክሪብቶ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያ ጆጉን መጥፎ አያደርገውም። እናንተ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ መለዋወጫ ፊልተሩ ለብቻው አሁን እጃችሁ ላይ አለ ወይ? የእማማ ልጅ ጆጉን የገዛችበት ሱቅ «በሚቀጥለው ወር ይገባል» ብሏት ነበር። ይኸው ክረምቱ አልቆ መስከረም ገባ፤ እማማም ጆጉን ውሃ ማቅረቢያ አድርገውታል።