ከጡጦ ወደ ሳህን፦ የጥንቸሌ ውሃ መጠጫ ከስምንት ወር በኋላ

ጥንቸሌን ሳመጣት ከሽቦ ቤቷ ጋር አብሮ የመጣው መጠጫ ጡጦ ነበር። ያው የምታውቁት ነው፤ ተገልብጦ ሽቦው ላይ ይታሰራል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ብይ አለችው፣ ብይዋን በምላሷ ገፋ ስታደርጋት ውሃ ጠብ ይላል። አይደፋም፣ ድርቆሽ አይገባበትም። ሌላ ምን እፈልጋለሁ አልኩ።

ሌሊት ቷ ቷ ቷ ሲል እሰማለሁ። "ጎበዝ፣ እየጠጣች ነው" ብዬ ተገልብጬ እተኛለሁ። ጠዋት ጡጦው ጎደል ብሎ ስለማገኘው ደግሞ ልቤ ሙሉ ነበር። ከስሩ ያነጠፍኩት ጨርቅ ሁሌ እርጥብ መሆኑ ግን ነገሩን አጠራጠረኝ፣ እና አንድ ቀን እሷን ሌላ ክፍል አሳድሬ ከጡጦው ስር ኩባያ አስቀመጥኩ። ጠዋት ኩባያው ግማሽ ደርሷል! ለካ ስትጠጣ ነው ያልኩትን ወለሉ ነበር የሚጠጣው።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ጥንቸል በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ በግምት ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። የእኔዋ ሁለት ኪሎ ስለሆነች ከ100 እስከ 300 መሆኑ ነው። ውሃ ካነሳት ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ ይደርቅና አንጀቷ ይዘገያል። ከዚህም ሌላ፣ ጥንቸል ከምግብ ያገኘችውን ትርፍ ካልሲየም በብዛት የምታስወጣው በሽንት ነው፤ ሽንቱ ሲወፍር ፊኛዋ ውስጥ እንደ ጭቃ ይዘቅጣል።

ስለዚህ ወደ ሳህን ዞርኩ። የመጀመሪያው ቀላል ፕላስቲክ ነበር፣ አንድ ቀንም አላደረ። ጠርዙን በጥርሷ ይዛ ብድግ አደረገችውና ወረወረችው፣ ከዚያ እርጥቡ ላይ ቆማ አየችኝ። ሁለተኛው አሁን ያለው ነው፤ ከባድ ሴራሚክ፣ ስሩ ከአፉ የሰፋ፣ ኪሎ ገደማ የሚመዝን። በስምንት ወር አንዴም አልገለበጠችውም። ሙከራውማ አልቀረም።

ጠዋት በመለኪያ ኩባያ 400 ሚሊ ሊትር እሞላለሁ፣ በማግስቱ የቀረውን እለካለሁ። ብዙ ቀን 200 አካባቢ ጠጥታ አገኛታለሁ። አጎንብሳ፣ ጆሮዋን ወደኋላ ጥላ፣ ሳታቋርጥ ትጠጣለች። በጡጦው ግን አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ጠብታ ስትለቅም ነበር፣ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ስሞታዬ። ሳህን ሥራ ይፈጥራል። ድርቆሽ ይገባበታል፣ ፀጉር ይንሳፈፍበታል፣ አንዳንዴ በጠጥም ይገባበታል (እንዴት እንደምታስገባው እስካሁን አልገባኝም)። በቀን ሁለቴ ማጠብ ግድ ነው፤ ሁለት ቀን ከተውኩት ውስጡ ያሙለጨልጫል። ከጊዜ በኋላ የሚይዘውን ነጭ ቀለበት አቼቶ አፍስሼበት ግማሽ ሰዓት ትቼ በደንብ አለቀልቀዋለሁ። በመጀመሪያው ወር ደግሞ አገጯ ስር ያለው የተንጠለጠለ ቆዳ ይረጥብ ነበር። እንዲህ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ቆዳው ይቆስላል፣ ስለዚህ ሳህኑን እስከ አፉ መሙላት ትቼ ጠርዙ በደረቷ ልክ እንዲሆን ሰፊ ጡብ ላይ አስቀመጥኩት። ቀረ።

ልትቀይሩ ካሰባችሁ ጡጦውን በአንዴ አትንቀሉት። እኔ ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ትቼላት ራሷ መረጠች። መብላት ካቆመች ወይም በጠጥ ካጣችሁ ግን ጉዳዩ የሳህን አይደለም፣ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ውሰዷት።

ጡጦው አሁንም እዛው ተሰቅሏል፤ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ለመጠባበቂያ እሞላዋለሁ። እሷ ግን ሌላ ሥራ አግኝታለታለች። ሳህኑ ሲጎድልባት ሄዳ ቷ ቷ ቷ ታደርገዋለች፣ እኔ እስክመጣ።